ጉድጓዱ የሚወደው ፓምፕ

ስለ ፓምፕ ማውራት ስጀምር ባሌ ፈሌቲ «ይቺ ሴትዮ ያገባችው እኔን ነው ወይስ ሞተር?» ይላል። ይበል። እሱ በየዓመቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ፖም ሊለቅም አውስትራሊያ ሲሄድ፣ እኔ ጋ የሚቀሩት ጉድጓዱ፣ የሲሚንቶ ገንዳውና በጥም የሚሰነጠቀው ጓሮ ናቸው። ታዲያ ስለ ፓምፕ ካላወራሁ ስለ ምን ላውራ?

ልጃችን ላቪኒያ የተወለደችው እሱ እዚያ የሰው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። የመጀመሪያ ጥርሷን ያየው በስልክ ነው። ተመልሶ ሊያቅፋት ሲል እንደ እንግዳ አየችውና አገር ይያዝልኝ ብላ አለቀሰች። ፈሌቲ ሳቅ አለና ዓሣ ላጥምድ ብሎ ጀልባው ጋ ሄደ። እኔ አልሳቅሁም። ይህ ሰው ከእንግዲህ የትም አይሄድም ብዬ ለራሴ ማልኩ። መማል ቀላል ነው፤ ሰው ግን የሚቀመጠው ሥራ ሲኖረው ነው።

ሥራው ደግሞ ከደጃችን ነበር። ዓሣ ነባሪዎቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው በሚመጡባቸው ወራት ደሴታችን በእንግዳ ትሞላለች። ማረፊያ ቤቶቹ ቲማቲሙንም ጎመኑንም ከዋናው ደሴት በመርከብ ያስመጣሉ፤ እኛ ጋ እስኪደርስ ግማሹ ይፈርጣል። በባሕሩ ዳር ያለውን ማረፊያ የምታስተዳድረው ሴት «ሉፔ፣ ሳታቋርጪ ካቀረብሽልኝ የሌላ ሰው በር አላንኳኳም» ብላኛለች። ችግሩ እነዚያ ወራት ሰማዩ ጠብ የማያደርግባቸው መሆናቸው ነው። በባልዲ እየቀዳሁ ሞክሬዋለሁ። ወገቤ ተቆረጠ እንጂ ቲማቲሙ አልረካም።

«ጓሮው በደረቁ ወራት ቢያፈራ ለእኛ አይበቃንም?» አልኩት ለፈሌቲ።

ትንሽ አሰበ። «ኢኖኬ ቡድኑን ይዞ ከመሄዱ በፊት ጓሮው ያለ ባልዲ ከጠጣ፣ ዘንድሮ እቀራለሁ» አለኝ። ኢኖኬ የፖም ለቃሚዎቹ አለቃ ነው፤ መርከቡ ሊመጣ ሲል በፒክአፕ እየዞረ ሰው የሚሰበስበው እሱ ነው።

«ካልጠጣስ?»

«ካልጠጣማ ምን በልቼ እቀራለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓምፕ በሕልሜም በእውኔም ሆነ። በእጅ የሚገፋ አለ፣ በቤንዚን የሚሠራ አለ፣ በመብራት የሚሠራ አለ፣ በፀሐይ የሚሠራ አለ። በስልኬ የማላየው የፓምፕ ዓይነት አልነበረም። የሰው አገር ገበሬዎች ቁልፍ ተጭነው ውሃውን እንደ ጅራፍ ሲያስወነጭፉት ሳይ ልቤ ዝላይ ይጀምራል። ላቪኒያ እንኳ ሌላው ልጅ የዶሮ ድምፅ ሲያስመስል እሷ የሞተር ድምፅ ታስመስል ጀመር። ጉድጓዳችን አያቴ በኮራሉ ድንጋይ ውስጥ የቆፈሩት ነው። ከእሱ ፈንጠር ብሎ የሲሚንቶ ገንዳው አለ፤ በአውሎ ነፋሱ ጊዜ ተሰንጥቆ ባዶውን የኖረውን ፈሌቲ በሲሚንቶ ደፍኖልኛል። የምንጠጣው የዝናብ ውሃ በፕላስቲክ ታንከር ለብቻው ነው፤ እሱን ቲማቲም ላይ የሚያፈስ እብድ ብቻ ነው። እንግዲህ የሚፈለገው ከጉድጓዱ ስቦ ጓሮውን የሚያጠጣ አንድ ጎበዝ ፓምፕ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ይህን ሁሉ ሳማርጥ ወሬው እትዬ ቪካ ጆሮ ደረሰ።

እትዬ ቪካ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። የአባት እህት እኛ ዘንድ የቤቱ ቁንጮ ናት፤ እሷ ያለችው ይሆናል፣ የሰጠችውም ይወሰዳል። አባቴ ሴሚሲ ራሱ እትዬ ቪካ በፊት በር ሲገቡ በጓሮ በር ይወጣል። ተጣልተው አይደለም፣ ክብር ነው፤ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም። አባቴ የሚቆመው ጓሮ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ኋላ ነው። ሁሉንም ይሰማል፤ የሚለው ካለው ለእኔ ይለኛል፣ እኔ ለእሳቸው አደርሳለሁ። እሳቸውም እንደዚያው። ሁለቱም እየተሰማሙ በእኔ በኩል ሲነጋገሩ አንዳንዴ ስልክ የሆንኩ ይመስለኛል።

«ሉፔ፣ ፓምፕ እያማረጥሽ ነው አሉ» አሉኝ ምንጣፉ ላይ እየተደላደሉ።

«አዎ እትዬ፣ ገና አልወሰንኩም።»

«ማማረጡ ቀርቷል። ለልጄ ነግሬዋለሁ፣ ከኦክላንድ ይልካል። ከሱቁ ትልቁን ነው ያልኩት።»

«ትልቁን?»

«ምን፣ ለወንድሜ ቤት ትንሽ ነገር ልላክ?»

እውነቱን ልናገር፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ትልቅ ሞተር በነጻ፣ ያውም ኢኖኬ ሳይሄድ። ወደ ጓሮ ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ጉድጓዱን አየ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«እግዜር ይስጥልኝ ብሏል በያቸው» አለ።

ሞተሩ ማክሰኞ በመርከብ መጣ። ሳጥኑን አራት ወንድ ተሸክሞ አወረደው። ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ መንኮራኩር አለው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሊዳስሰው ተሽቀዳደመ። እትዬ ቪካ ለበዓል የሚለብሱትን የተሸመነ መታጠቂያ በወገባቸው አሥረው መጥተው ረጅም ጸሎት አደረሱበት። ፈሌቲ ቱቦውን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ፣ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ከዚያ አገሩን በጩኸት ቀወጠው።

ውሃው ሲመጣ እንዴት እንደነበር በቃል መግለጽ ያቅተኛል። የያዝኩት የውሃ ጎማ እንደ በግ ጎተተኝ። ውሃው ቲማቲሙን አልፎ፣ ጎመኑን አልፎ፣ የጎረቤቱን አሳማ አጥቦ፣ እትዬ ቪካን ከራስ እስከ እግር አራሳቸው። እትዬ ቪካ ደግሞ የማኅበራቸውን መዝሙር በሞተሩ ጩኸት ላይ ይዘፍናሉ። ሁላችንም እንስቃለን፣ እንጮሃለን። በባልዲ ሁለት ቀን የሚፈጅብኝን ጓሮ ቁርስ ሳይቀርብ ጨረስኩት። ፈሌቲ ከማዶ ሆኖ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ተስፋ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። ከአባቴ በቀር የማይስቅ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ደግሜ አጠጣሁ። ያን ዕለት ከሰዓት የቲማቲሙ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙን እንደተለበለበ ሆኖ ተጨማደደ። ፀሐዩ ነው ብዬ ተጨማሪ ውሃ ለቀቅሁበት። ሐሙስ ጠዋት አንድ መደብ ሙሉ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። ከጎማው ጫፍ የሚንጠባጠበውን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩ። ጨው ነው። ባሕሩን እያጠጣሁት ነበር።

አባቴን ከዛፉ ሥር አገኘሁት። «አባዬ፣ ጉድጓዱ ጨው ሆኗል።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ጣፋጩ ውሃ እኮ ስስ ነው። በባሕሩ ውሃ ላይ ነው የሚተኛው፣ በሾርባ ላይ እንዳለ ቅባት። በኃይል ከሳብሽው ባሕሩ ከሥር ይመጣል።»

«ታዲያ ሞተሩ ሳይመጣ ለምን አልነገርከኝም?»

«የእህቴ ስጦታ ነዋ» አለ። ሌላ ማብራሪያ እንደማያስፈልግ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው።

ፈሌቲን አየሁት። እሱም እንደሚያውቅ ዓይኑ ነገረኝ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ጠርጥሮ ነበር። ለእትዬ ቪካ ማን ሄዶ ይንገር? እሱ አማች ነው፣ አፉን አይከፍትም። አባቴ ወንድም ነው፣ አይታሰብም። እኔም ብሆን የወንድም ልጅ ነኝ፤ የአክስቴን ስጦታ «አይሆነንም» ብል ዘር ማንዘሬ ያፍርብኛል። በንዴት ቤት ገብቼ የፈሌቲን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁና ልብሱን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ኢኖኬ ሊመጣ ከሳምንት ብዙም ፈቀቅ የማይል ጊዜ ነበር የቀረው። የአንድ ዓመት ተስፋዬ በአንድ ሞተር ጩኸት ሲበን እያየሁ ቆሜ ማልቀስ አልፈለግሁም፤ እጄ ሥራ ይፈልግ ነበር።

እትዬ ቪካ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሉ የምንለውን በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል ጠቅልለው ይዘውልን መጥተዋል። አባቴ ወደ ዛፉ ኋላ ተሰወረ።

«ውሃው እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» አለ ፈሌቲ።

«እንደ ልብ ነው እትዬ» አልኩ እኔ።

ከዛፉ ኋላ አባቴ የማረጋገጫ ሳል ሳለ።

«እሰይ። እስቲ አንድ ኩባያ ቅጂልኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ።»

«የዝናቡ ውሃ ይሻልዎታል እትዬ፣ ቀዝቃዛ ነው።»

«የዝናብ ውሃማ ቤቴም አለ። የሞተሬን ውሃ ነው ያልኩሽ።»

ቀዳሁላቸው። ምን ላድርግ? ሰጠኋቸው። እትዬ ቪካ ትንፋሽ ሳይወስዱ ኩባያውን ጨርሰው ጠጡት። ከዚያ ኩባያውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ሉፔ።»

«አቤት እትዬ።»

«ይሄ ባሕር ነው። ዓሣ ብትቀቅዪበት ጨው አትጨምሪም።»

በእጃቸው ጀርባ ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«አባትሽ ያውቃል? ጠይቂው።»

ወደ ዛፉ ዞርኩ። «አባዬ፣ ያውቃል ወይ ይላሉ።»

«አውቃለሁ በያቸው። ሞተሩ ከሳጥኑ ሲወጣ ነው የፈራሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም በይው።»

«የታላቅ እህቴን ስጦታ በምን አፌ ልንቀፍ በያቸው።»

ማድረስ እንኳ አላስፈለገኝም። እትዬ ቪካ ሞተሩ በመጣበት ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጭልም አለ፤ እኚህ ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጡ ሴት ዓይናቸው እንባ ሲሞላ አየሁ።

«እኔን ላለማስቀየም ብላችሁ የአባቴን ጉድጓድ ልትገድሉት ነበር» አሉ። «ስጦታውን ስነግራችሁ እግዜር ይስጥልኝ አላችሁኝ። ዛሬ ጠየቅሁ፣ እንደ ልብ ነው አላችሁኝ። ይሄ ማክበር ነው? እውነቱን የሚነግረኝ አንድ ሰው ከሌለ በዚህ ቤት ትልቅ መሆኔ ምን ይረባኛል? ወንበር ላይ እንዳስቀመጣችሁት ፎቶግራፍ እኮ አደረጋችሁኝ።»

አፈርኩ። ጉንጬ እስኪቃጠል አፈርኩ። ፈሌቲም አንገቱን ደፋ።

እትዬ ቪካ አፍንጫቸውን ጠረጉና «እናታችን» አሉ ወደ ዛፉ ሳያዩ፣ «በኮኮናት ቅርፊት ነበር የምትቀዳው። እኛ ባልዲ እስከ ታች ስንጥል እጃችንን ትገርፈን ነበር። ከላይ፣ ከላይ፣ ቀስ ትለን ነበር። ያስታውስ እንደሆነ ጠይቂው።»

«አስታውሳለሁ በያቸው። እሳቸው ባልዲውን ጥለው ሲሮጡ የምገረፈው እኔ ነበርኩ።»

እትዬ ቪካ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው ሳቁ። ሳጥኑ አብሯቸው ተንቀጠቀጠ። «በሉ እንግዲያው» አሉ፣ «እንደ ወንድሜ ቀርፋፋ የሆነ ፓምፕ ፈልጉ።»

«ከየት እትዬ? የሚቀጥለው መርከብ እኮ ፈሌቲን የሚወስደው ነው።»

ያኔ ነው ባሌ የተናገረው። «የጀልባዬ ፓምፕ አለች» አለ፣ ለመሬቱ የሚያወራ ይመስል። «ከጀልባው ሆድ ውሃ የምታወጣዋ። የቡጢ ታህል ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትሠራው። የጀልባውን መብራት ሶላር ብናገናኝላት ከፀሐይ ትሠራለች። በዓሣ መረብ ተንሳፋፊ ላይ ካሰርኳት ደግሞ ሁልጊዜ ከውሃው አናት ላይ ትሆናለች፣ ወደ ታች አትወርድም።»

ሁላችንም አየነው። ፈሌቲ እትዬ ቪካ ፊት ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ተያዘ። «ቡጢ ታህላለች ካልክ ጓሮውን በምን ኃይሏ ታጠጣዋለች? ጎማው ጫፍ ስትደርስ ምራቅ ነው የምትተፋው» እያልኩ ሳለ ዓይኔ ከጉድጓዱ ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው ወደ ቀዩ ሞተር ሄደ። የሆነ ነገር ራሴ ውስጥ ቦግ አለ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ሥራው እኮ ሁለት ነው። አንዱ ከጉድጓድ ወደ ገንዳ፣ አንዱ ከገንዳ ወደ ጓሮ። እኔ ለሁለት ሥራ አንድ ፓምፕ ነው ስመርጥ የከረምኩት። ትንሿ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለች ገንዳውን ትሙላ። ገንዳው ከሞላ በኋላ የእትዬ ሞተር የፈለገውን ያህል ይጩህ፣ ገንዳ ጨው አያመጣም።»

ከደስታዬ ብዛት እትዬ ቪካን አቅፌ ሳምኳቸው፤ ይህም በሥርዓታችን የሚደረግ አይደለም። እሳቸው ግን «ልብሴን አታጨማድጂ» ብቻ አሉ።

አባቴ ጉድጓዱ እንዲያርፍ ብሎ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። እኔን ማሰር ይሻል ነበር። ጠዋት አንድ ጠብታ፣ ማታ አንድ ጠብታ እቀምሳለሁ። ፈሌቲ «ምላስሽ ጉድጓዱን ሊያደርቀው ነው» ይለኛል። ጨውነቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ድሮ የማውቀው ጣዕም ምላሴ ላይ ሲያርፍ፣ ባዶ እግሬን እየዘለልኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ትንሿን ፓምፕ በብርቱካናማ የመረብ ተንሳፋፊ ላይ አስረን አወረድናት። ፀሐይ ሶላሩን ስትነካው እንደ ንብ እምም አለች። ገንዳው ጋ ያለው ቱቦ ጫፍ ላይ የመጣው ውሃ ከትንሽ ጣቴ አይወፍርም። በዚያ በማክሰኞው ፏፏቴ የሰከረች ሴት በዚህ ልትደሰት? ተደሰትኩ እንጂ። እየቀመስኩ ተደሰትኩ፣ ጣፋጭ ነው። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ። ሲመሽ ገንዳው ከሩብ ብዙ አልዘለለም፤ ኢኖኬ የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው።

የቀረን እሁድ ብቻ ነው። እሁድ ደግሞ በአገራችን ማንም አይሠራም። ጀልባ አይወጣም፣ ሱቅ አይከፈትም፣ ልብስ እንኳ በገመድ አይሰጣም። ይቺ ፓምፕ ግን ክርስትና አልተነሳችም፤ ፀሐይ ከወጣች እምም ማለቷ አይቀርም። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንነሳ ምንጣፍ ይዤ ሶላሩን ልሸፍን ሄድኩ።  ምንጣፉን ልዘረጋ ስል እትዬ ቪካ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አዩኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እሁድ ነው እትዬ። እንዳትሠራ ልሸፍናት ነው።»

«እሁድ ዝናብ ሲዘንብ ታንከር እንዳይሞላ ጣራሽን ትሸፍኛለሽ?»

«ኧረ አልሸፍንም።»

«ታዲያ ፀሐዩን የላከው ሌላ ነው? እጅሽን አንሺና ነይ፣ መዝሙር ሊጀመር ነው።»

ያን ቀን ምን እንደተሰበከ ብትጠይቁኝ አላውቅም። በመስኮቱ የምትገባዋን ፀሐይ ብቻ ነው ስከታተል የዋልኩት። አንድም ደመና አልነበረም። ከምሳ በኋላ ሰዉ ሁሉ ሲተኛ እኔ ገንዳው ላይ ተንጠልጥዬ የውሃውን መውጣት አያለሁ፤ ከጉልበት፣ ከወገብ፣ ከደረት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውሃው በገንዳው ጠርዝ ላይ ሞልቶ ፈሰሰና እግሬን ነካኝ። ሰው እንዳይነቃ አፌን በእጄ ይዤ ጨፈርኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቀዩን ሞተር እየገፋን ገንዳው ጋ አቆምነው። እትዬ ቪካ መጡ፣ አባቴ ዛፉ ኋላ ቦታውን ያዘ፣ ፈሌቲ ጎማውን ያዘ። ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ጮኸ፣ ውሃው ተወነጨፈ፤ ያው የማክሰኞው ኃይል፣ ጣዕሙ ግን የአያቴ ጉድጓድ ጣዕም። የተረፉት የቲማቲም መደቦች ቅጠላቸው እየታጠበ ሲያብለጨልጭ፣ ፈሌቲ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከመደብ መደብ ሲሄድ፣ እዚያው ቆሜ ፈነደቅሁ። ጓሮው ያለ ባልዲ ጠጣ።

ኢኖኬ በፒክአፑ ከደጅ ደርሶ ጥሩንባ ሲነፋ አልሰማነውም። እጁን እያወናጨፈ ገባ። ሞተሩን አጠፋሁት።

«ፈሌቲ፣ ታጥበህ ውጣ እንጂ። መርከቡ እኮ የአባትህ አይደለም፣ አይጠብቅህም» አለ። ያሰናዳሁት ሻንጣ ገና በረንዳው ላይ ነበር፤ ኢኖኬ አየውና አነሳው።

ፈሌቲ ጎማውን እንደያዘ እትዬ ቪካን አየ። ሥርዓቱ ነው፤ ሂድ ካሉት ይሄዳል፣ ቅር ካሉት ይቀራል። እኔም ቅር እንዲሉት በዓይኔ ለመንኳቸው።

«እኔን አትየኝ» አሉ። «በዚህ ጓሮ እኔን እያዩ መናገር ምን እንዳመጣ አይተናል። ያለህን ራስህ ተናገር።»

ፈሌቲ ወደ ኢኖኬ ዞረ። ከጎማው ውሃ ይንጠባጠባል።

«አልሄድም» አለ።

«ገንዳው ስለሞላ ነው?» አለ ኢኖኬ እየሳቀ።

«ባይሞላም መሄድ አልፈልግም። ፈልጌ ሄጄ አላውቅም።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ምን አልክ? በየዓመቱ እኮ እየሮጥክ ነው የምትሳፈረው።»

«ዞር ብዬ ካየሁሽ እንደማልሳፈር ስለማውቅ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?» አለኝ። «ሻንጣዬን አጣጥፈሽ ታዘጋጂልኛለሽ፣ ስንቄን ትቋጥሪልኛለሽ። አንድ ቀን ቅርልኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

 ስለ ፓምፕ ያላልኩት ነገር የለም። ስለ ቱቦ፣ ስለ ገንዳ፣ ስለ ቲማቲም ዓመቱን ሙሉ ሰፈሩን አደንቁሬያለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ግን ብትፈልጓት ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ሸክም እንዳልሆንበት ብዬ፣ እንዳይከፋው ብዬ፣ ውጬ ውጬ ይዣት ኖሬያለሁ።

«ቅርልኝ» አልኩት።  «ጓሮው ቢደርቅም ቅርልኝ።»

ኢኖኬ ሻንጣውን ቀስ ብሎ መልሶ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። እትዬ ቪካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጎመኑ ገና ግማሹ አልጠጣም» አሉና የሞተሩን ገመድ ራሳቸው ሳቡት። ጩኸቱ ጓሮውን ሲሞላው፣ ማንም አይሰማንምና፣ እኔና ፈሌቲ እንደ ልባችን አለቀስን።